የባሕር ቅጠልና ሕያው እርጎ፤ ሁለቱን በአንድ ገበታ ለማዋሐድ የሚረዳ መመሪያ

አንድ ወዳጄ ከጃፓን አገር ሲመለስ የሻይ ቅጠል የሚመስል፥ ጠቁሮ የደረቀና የተጨማደደ ነገር በትንሽ ከረጢት አሽጎ አመጣልኝ፤ እኔም ከላባ የቀለለ መሆኑን አይቼ ናቅሁትና ሁለት እፍኝ ያህል ዘግኜ እሳት ላይ ከተጣደ የአትክልት መረቅ ውስጥ ጨመርሁት፤ ነገር ግን ዓሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ያ ደቃቅ ነገር ውሃውን እየጠጣ ተዘርግቶ፥ እንደ ጎመን ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ፥ ድስቱን ሞልቶ ክዳኑን ወደ ላይ ሲገፋው ተመለከትሁ። ምግብ መድፋት ነውር ነው ብዬ ሦስት ሳሕን በላሁ፤ በዚያች ሌሊት ሆዴ እንዴት እንደተነፋና እንዴት ሲያጉረመርም እንዳደረ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ይህን መመሪያ የምጽፈው እንግዲህ ነገሩን ከሊቃውንት ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን ከዚያ ድስትም ጭምር የተማርሁ ስለሆንሁ፥ ክቡር አንባቢዬ የባሕሩን ቅጠል ከሕያው እርጎ ጋር ለማዋሐድ ሲነሡ መጠንን ከተራ ጋር ይዘው እንዲጀምሩ ነው።

ዋካሜ የሚባለው ይህ ቅጠል በጃፓንና በኮሪያ ጠረፍ የሚበቅል ቡናማ የባሕር አረም ነው። የእኛ አገር የአክሲማሮስ፥ ማለትም የሥነ ፍጥረት፥ መምህር፥ አዝርዕትና ዕፅዋት በዕለተ ሠሉስ ከምድር፥ በውሃ የሚኖሩት ደግሞ በዕለተ ሐሙስ ከባሕር ተገኙ ብሎ የሚያስተምር ስለሆነ፥ ቅጠል ሆኖ ሳለ ማደሪያውን ከባሕር ያደረገውን ይህን ፍጥረት ከየትኛው ዕለት እንደሚቈጥረው ለመስማት ሁልጊዜ እመኛለሁ፤ የዘመኑ የሥነ ሕይወት ሊቃውንትም ቢሆኑ ቡናማውን አረም ከዕፅዋት ወገን አውጥተው ለብቻው በሌላ ነገድ መድበውታል። ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልገው ግን በውስጡ ያለው ነው፤ ይኸውም አልጂኔት፥ ላሚናሪንና ፉኮይዳን የሚባሉት ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች ናቸው፤ ኖሪ በሚባለው በቀዩ ዘር ውስጥ ደግሞ ፖርፊራን የሚባል አለ። የሰው ሆድ እነዚህን ሰንሰለቶች የሚበጥስበት መሣሪያ ስላልተሰጠው፥ ሳይፈጩ ጨጓራንና ቀጭኑን አንጀት አልፈው ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳሉ፤ በዚያ የሚኖሩት ረቂቃን ባክቴሪያዎችም ያብላሏቸውና ከዚህ መብላላት ቡቲሬትን የመሳሰሉ አሲዶች ይወጣሉ፤ የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሕዋሳትም አብዛኛውን ቀለባቸውን የሚያገኙት ከዚሁ ከቡቲሬት ነው።

በዚህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ፥ እ.ኤ.አ. በ2010 በፈረንሳይ አገር በብሪታኒ ጠረፍ በሮስኮፍ የባሕር ምርምር ጣቢያ የሚሠሩ ሊቃውንት የገለጹት ነው። ዞቤሊያ ጋላክታኒቮራንስ የተባለው የባሕር ባክቴሪያ ፖርፊራንን የሚበጥስበትን ኤንዛይም ካገኙ በኋላ፥ ይህን ኤንዛይም የሚያስገኘው ዘረ መል በሌላ ወዴት እንዳለ ቢመረምሩ፥ ባክቴሮይዴስ ፕሌቤዩስ በተባለ የጃፓናውያን የአንጀት ባክቴሪያ ውስጥ አገኙት፤ ባነጻጸሩአቸው ሰሜን አሜሪካውያን ዘንድ ግን አልተገኘም። ኖሪ እ.ኤ.አ. በ702 በታወጀው በታይሆ ሕግ ለመንግሥት በግብርነት ከሚከፈሉት ነገሮች ጋር የተቈጠረ ጥንታዊ መብል ስለሆነ፥ ጃፓናውያን ጥሬውን ቅጠል ከነባክቴሪያው በትውልድ ሁሉ ሲመገቡ ያ የመበጠስ ጥበብ ከባሕሩ ፍጥረት ወደ አንጀታቸው ፍጥረት እንደ ተላለፈ ሊቃውንቱ አመለከቱ። እንግዲህ ለአንዱ ሕዝብ አንጀት የዘወትር እንጀራ የሆነው ለሌላው አንጀት ፈጽሞ ያልተለመደ እንግዳ ሊሆን ይችላልና፥ በጤፍና በሽሮ ያደገ ሆድ የጃፓንን ገበታ በአንድ ቀን እንዲቀበል ማስገደድ አይገባም።

ሁለተኛው ወገን ፕሮባዮቲክ የሚባለው ነው፤ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ከዓለም የጤና ድርጅት ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 በሰጡት ፍቺ መሠረት ይህን ስም የሚያገኙት፥ ሕያዋን ሆነው በበቂ መጠን ሲወሰዱ ለሚወስዳቸው ሰው ጤና የሚጠቅሙ ረቂቃን ብቻ ናቸው። ሕያዋን፥ በቂ፥ የሚጠቅሙ፤ ሦስቱም ቃላት በየራሳቸው ይፈተናሉ። እነዚህን ረቂቃን ከሚመገቡት ነገር ጋር አጣምሮ ማቅረብ ሲንባዮቲክ የሚለውን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ በ2020 ደግሞ ሊቃውንት ስሙን በሁለት ከፍለው፥ ቀለቡና ሕያዋኑ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው የሚሠሩበትን አንድ ወገን፥ ቀለቡ ለእነዚያው አብረውት ለገቡት ሕያዋን ምግብ የሚሆንበትን ሌላ ወገን አደረጉ። ይህን ልዩነት የጠቀስሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የእርጎ ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ የአልጂኔትን ረጅም ሰንሰለት ራሳቸው መበጠስ ስለማይችሉ፥ የባሕር ቅጠልና እርጎ በአንድ ሳሕን ቢቀርቡ ቅጠሉ የሚመግበው ከእርጎው ጋር የገቡትን እንግዶች ሳይሆን ቀድመው በአንጀት የሰፈሩትን ባለርስቶች ነው። በማሸጊያው ላይ ቅጠሉ በውስጡ ያሉትን ባክቴሪያዎች ይመግባል ብሎ የሚለፍፍ ዱቄት ቢያጋጥምዎ ስለዚህ ዋጋውን ከመክፈልዎ በፊት ያስቡበት። ምርመራውም እስከ አሁን ባመዛኙ በብልቃጥና በአይጥ ላይ የተደረገ ስለሆነ፥ እኔ ይህን መብል የማቀርበው ለደዌ ፈውስ ነው ብዬ ሳይሆን፥ አሰር ያለበትና ሆድን የሚያለዝብ ማለፊያ ምግብ ነው ብዬ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። የመጀመሪያው ሥራ ከወጥ ቤት በፊት ራስን መመርመር ነው፤ ምክንያቱም የባሕር ቅጠል ከባሕሩ አዮዲንን እየሳበ የሚያከማች ስለሆነ፥ እንደ ተራ ጎመን የሚበላ አይደለም። ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮግራም፥ ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናት ደግሞ 250 ማይክሮግራም ነው፤ ሳይታለፍ ሊቆምበት የሚገባው ከፍተኛ ልክ በአውሮፓ 600፥ በአሜሪካ 1100 ማይክሮግራም ተብሎ ተወስኖአል። አሁን ይህን ከቅጠሎቹ ጋር ያስተያዩ፤ ኖሪ በአንድ ግራም ጥቂት ዓሥሮች ማይክሮግራም ብቻ ይይዛል፤ ዋካሜ ወደ መቶ ይጠጋል፤ ኮምቡ የተባለው ወፍራሙ ቅጠል ግን በአንዲት ግራም ከ1000 በላይ ሊይዝ ስለሚችል፥ አንዲት ትንሽ ቁራሽ የአንድ ሳምንት ድርሻን በአንድ ጉርሻ ያስገባል ማለት ነው። በደጋው አገራችን ሕዝቡ ለረጅም ዘመን አዮዲን አጥሮት የኖረ፥ እንቅርትም በየመንደሩ ይታይ የነበረ መሆኑን፥ ጨውም በአዮዲን እንዲዳብር በሕግ የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ2011 መሆኑን ስናስታውስ፥ ለእኛ ሰው ጥንቃቄው እጥፍ ይሆናል፤ አዮዲን ለብዙ ዘመን የጎደለው የታይሮይድ ዕጢ በድንገት ብዙ አዮዲን ሲወርድበት ከልኩ አልፎ መሥራት ሊጀምር ይችላልና። ስለዚህ የእንቅርት ወይም የታይሮይድ ሕመም ያለበት፥ ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናት፥ ኩላሊቱ የደከመ፥ ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ፥ የሰውነቱ መከላከያ በሕመም ወይም በመድኃኒት የደከመበትም ሰው ሁሉ፥ ሐኪሙን ሳያማክር ከዚህ አንቀጽ አይለፍ።

ሁለተኛው ሥራ ቅጠሉን መምረጥ ነው። ለጀማሪ ዋካሜና ኖሪ ይበቃሉ፤ ኮምቡን ለጊዜው ይተዉት። ሂጂኪ የተባለውን ጥቁሩንና ቀጫጭኑን ግን አርሴኒክ የተባለው መርዝ በብዛት የሚገኝበት ስለሆነ ፈጽመው አይግዙት፤ የእንግሊዝ የምግብ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2004 ሕዝቡ እንዳይበላው መክሮአል። በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን ዋካሜን በጃፓኖችና በኮሪያውያን መደብር ሁልጊዜ ያገኙታል፤ ሲገዙም ተቈራርጦ የደረቀውን፥ የመጣበት አገር በግልጽ የተጻፈበትን፥ ጨውም ሆነ ስኳር ያልተጨመረበትን ይምረጡ። በጨው ተሽቶ በእርጥብ የሚሸጠውም መልካም ነው፤ ነገር ግን ሦስት ጊዜ ካልታጠበ ድስቱን ሁሉ የአፋር አሞሌ ያደርገዋል።

ሦስተኛው ሥራ ሕያው የሆነውን ወገን ማዘጋጀት ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እንጀራችን በእርሾ የቦካ ስለሆነ ሕያዋን ባክቴሪያዎችን እንበላለን ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት አይደለም፤ እርሾው በእውነት ሕያው ነው፤ ምጣዱ ግን አይምረውም። በእሳት ካለፈ እንጀራ የምናገኘው የመቡካቱን ጣዕምና ትሩፋት እንጂ ሕያዋኑን አይደለም። እርጎ ግን ከረጋ በኋላ እሳት ስለማይነካው ሕያዋኑን እንደ ያዘ ወደ አፍ ይደርሳል። ከገበያ የሚገዙ ከሆነ፥ ሕያው ባክቴሪያ እንዳለበት የሚገልጽ ጽሑፍ ያለውን፥ ከረጋ በኋላ ዳግመኛ ያልሞቀውንና ስኳር የሌለበትን ይውሰዱ። በቤትዎ የሚያረጉ ከሆነ ደግሞ፥ ጥሬውን ወተት በቅል አድርጎ እስኪረጋ መጠበቅ የአባቶቻችን ልማድ ቢሆንም ብሩሴሎሲስንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ሊያስተላልፍ ስለሚችል፥ ወተቱን አስቀድመው ያፍሉት፤ ከዚያም ትንሿን ጣትዎን ነክረው እስከ ዓሥር እስኪቈጥሩ ሳይፋጅ የሚያስችልዎ ለብታ ላይ እስኪደርስ፥ ይኸውም 43 ዲግሪ አካባቢ፥ ያብርዱት፤ በአንድ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ከቀደመው እርጎ ጨምረው፥ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለው፥ ሳያናውጡ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ያቈዩት። በወይራ የታጠነ ዕቃ ያለዎት በእርሱ ያርጉት፤ ጢሱ የሚሰጠውን ጣዕም ምንም ነገር አይተካውም።

በአራተኛው ሥራ ቅጠሉን ይዘፈዝፋሉ። ለአንድ ሰው አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ዋካሜ፥ ይኸውም አንድ ግራም ያህል፥ በሰፊ ጎድጓዳ ሳሕን አድርገው ቀዝቃዛ ውሃ ያፍስሱበት፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ዓሥር እጥፍ ያህል ይሰፋልና ዕቃው ጠባብ አይሁን፤ ከላይ የነገርሁዎን የኔን ድስት ያስታውሱ። ውሃውን ይድፉት እንጂ ለመረቅ አያቈዩት፤ ከአዮዲኑና ከጨዉ አንድ ክፍል ከእርሱ ጋር ይወጣልና። ቀጥሎም የፈላ ውሃ ለአፍታ አፍስሰውበት ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ቢያለቀልቁት፥ ቡናማ ጥቁርነቱ በዓይንዎ ፊት ተለውጦ እንደ ለጋ ቃሪያ ይለመልማል፤ ይህን ለውጥ ልጆች ማየት ይወዳሉ። ከዚያ በእጅዎ ጨምቀው፥ በመካከሉ ጠንካራ ጅማት ካገኙ አውጥተው፥ በደቃቁ ይክተፉት፤ ሙሉ በሙሉም ይቀዝቅዝ።

አምስተኛው ሥራ መቀላቀሉ ነው። አንድ ብርጭቆ ወፈር ያለ እርጎ፥ የተከተፈውን ዋካሜ፥ ልጣጩ ተነሥቶ የተከተፈ ግማሽ ኪያር፥ የተወቀጠች አንዲት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፥ ከወደዱም ፍሬው የወጣለት ግማሽ ቃሪያ በአንድነት ያማስሉ፤ ቅጠሉ ራሱ የባሕር ጨው ስላለበት ሳይቀምሱ ጨው አይጨምሩ። ሩብ ሰዓት ቢያርፍ ጣዕሙ ይሰምራል፤ እርጎው ቅጠሉን ያለሰልሰዋል፥ ቅጠሉም እርጎውን በትንሹ ያጠብቀዋል። ከትኩስ ምግብ ጋር ቢያቀርቡት በተለየ ሳሕን ይሁን እንጂ በፈላ ወጥ ላይ አይፍሰስ፤ የእርጎ ባክቴሪያዎች ከ60 ዲግሪ በላይ በሚሆን ሙቀት ብዙ አይቈዩምና።

ጾመኛ አንባቢዬ፥ እርጎውስ በረቡዕና በዓርብ፥ በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ እንዴት ይሆናል ብለው መጠየቅዎ አይቀርም። ለዚህ ደግሞ መልሱ ከቅጠሉ ከራሱ አገር ይገኛል፤ ጃፓናውያን ከአኩሪ አተርና ከሩዝ ወይም ከገብስ አብላልተው፥ እንደ ወፍራም ድልህ ያለ፥ ሚሶ የሚባል ጨዋማ ነገር ይሠራሉ፤ ዋካሜንም በየማለዳው በሚሶ መረቅ ይጠጡታል። ከወተትም ከሥጋም ነጻ ሆኖ ሊዘጋጅ ስለሚችል ለጾም የተመቸ ነው፤ ነገር ግን በልማድ መረቁ ከደረቀ ዓሣ ስለሚቀቀል፥ ከዓሣም የሚጾም ሰው በሽንኩርትና በእንጉዳይ ውሃ ይተካው። ውሃውን ከሽንኩርቱና ከእንጉዳዩ ጋር አፍልተው፥ የተዘፈዘፈውን ዋካሜ ጨምረው አንድ ደቂቃ ብቻ ካቈዩ በኋላ ድስቱን ከእሳት ያውርዱ፤ አሁን መታገሥ ያስፈልጋል፤ እንፋሎቱ ቀንሶ ድስቱን በእጅ መዳፍ ለመያዝ እስኪቻል ይጠብቁ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ለአንድ ሰው ሁለት የሻይ ማንኪያ ሚሶ በትንሽ መረቅ በጥብጠው ይጨምሩ። እኔ በመጀመሪያ ጊዜ ሚሶውን ከመረቁ ጋር አንድ ላይ አፍልቼው ነበር፤ ጣዕሙ አልተበላሸም፤ ሕያዋኑን ግን ሳልቀምሳቸው ገደልኋቸው። በመደብር ከተደረደሩት ሚሶዎች ብዙዎቹ አስቀድመው በሙቀት የታከሙ ስለሆኑ፥ ሕያው የሆነውን የሚፈልግ ሰው በማቀዝቀዣ የሚቀመጠውንና በሙቀት ያልታከመ መሆኑ የተጻፈበትን ይፈልግ። ደግሞም ሚሶ ሕያዋን ቢኖሩትም ከላይ በተነገረው በጥብቁ ፍቺ ፕሮባዮቲክ ተብሎ የሚጠራ አይደለም፤ ጨዉም ብዙ ነውና የደም ግፊት ያለበት ሰው ማንኪያውን ይቀንስ።

የሚቀረው ጊዜውን መመደብ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከተዘፈዘፈው ቅጠል አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ፥ እርሱንም ሁለት ቀን፤ ሆድዎ በሰላም ከተቀበለው በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ወደ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ከፍ ማድረግ፤ ከዚያ ወዲያ በሳምንት ሦስት ቀን፥ በየቀኑ ከአንድ እስከ ሁለት ግራም ደረቅ ቅጠል ሳያልፉ መቈየት። እርጎው ግን ጾም ካልከለከለ በቀር በየቀኑ ቢሆን ይሻላል፤ በአፍ የገቡት ባክቴሪያዎች በአንጀት ውስጥ ጎጆ ቀልሰው የሚቀሩ ሳይሆኑ የሚያልፉ መንገደኞች ስለሆኑ፥ መመገቡ ሲቋረጥ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጠፋሉ። ጥቂት መነፋት በመጀመሪያው ሳምንት ቢሰማዎ የመብላላቱ ምልክት ነው፤ ሕመም፥ ተቅማጥ፥ የልብ መምታት መፍጠን ወይም የእጅ መንቀጥቀጥ ከመጣ ግን ቅጠሉን አቁመው ሐኪም ያማክሩ፤ ኋለኞቹ ሁለቱ ከታይሮይድ ዕጢ ሊመጡ ይችላሉና። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ እርጎውን ከመድኃኒቱ ሁለት ሰዓት ያህል ያርቁት። በትንሽ ደብተር የበሉትን መጠን፥ የሆድዎን ሁኔታና ወደ መጸዳጃ የሄዱበትን ጊዜ ለአራት ሳምንት ይመዝግቡ፤ ይህን መጻፍ የሚያሳፍራቸው አሉ፤ ሐኪም ግን ከምንም ነገር በፊት የሚጠይቀው እርሱን ነው።

በመደብር ስለሚሸጡት እንክብሎችም ጥቂት ልበል። አልጂኔትን እ.ኤ.አ. በ1881 ከባሕር አረም ለይቶ ያወጣው ስታንፎርድ የተባለው እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ሰው ሲሆን፥ ዛሬ ይህ ነገር በአንጀት ለሰፈሩት ባለርስቶች ቀለብ ብቻ ሳይሆን ለእንግዶቹ ሕያዋን ጋሻም ሆኖ ያገለግላል፤ ባክቴሪያ የተቀላቀለበት የአልጂኔት ውሃ በካልሲየም ውሃ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ወዲያው እንደ ዓሣ ዕንቍላል ድቡልቡል ይሆንና ሕያዋኑን በውስጡ ይይዛል፤ ይህችም ፍሬ በጨጓራው አሲድ ውስጥ ሳትፈርስ አልፋ አሲዱ በለዘበበት አንጀት ውስጥ ትለሰልሳለች። ብልሃቱ እጅግ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ነገር ግን ከባሕር አረም የተሠራ ዱቄትና እንክብል የአዮዲኑ ልክ ሳይጻፍበት የሚሸጥበት ጊዜ ስላለ፥ በማንኪያ የሚለካውን ቅጠል በዓይን የማይታይ መጠን ካለው እንክብል አብልጬ እወዳለሁ።

የተረፈው ደረቅ ቅጠል እርጥበት በማይገባበት የታሸገ ብርጭቆ፥ ፀሐይ በማታይበት ቦታ፥ ብዙ ወራት ይቈያል፤ ከእርጎ ጋር የተቀላቀለው ግን በማቀዝቀዣ ከሁለት ቀን በላይ አይደር። ለሚቀጥለው ጊዜ እርሾ የሚሆኑትን ሁለት ማንኪያዎች፥ ዋካሜው፥ ሽንኩርቱና ጨዉ እርጎውን ከመንካታቸው በፊት፥ በንጹሕ ማንኪያ ለይተው በክዳን ዕቃ ያስቀምጡ።